ዓለምን በስልኩ እያየ ቤት የቀረ ወጣት፦ ለአንድ መምህር ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ፦ ጠያቂው በደሴ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። የ21 ዓመት ታናሽ ወንድማቸው የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያ ነጥብ ካላገኘ በኋላ ቤት ውሏል። ሌሊት እስከ ዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ከስልኩ አይላቀቅም፤ ቀን ይተኛል። ከአብሮ አደጎቹ ተለይቷል፤ ይወደው የነበረውን ኳስ እንኳ ማየት ትቷል፤ «እዚህ አገር ሰው አይሆንም» ከማለት በቀር ብዙም አይናገርም፤ በቅርቡ ደግሞ አንድ ደላላ እያነጋገረው መሆኑን ሰምተዋል። እኅታቸው ሳዑዲ ዐረቢያ በቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። አባት ስልኩ ይነጠቅ ይላሉ፤ እናት የሰው ዓይን ነው ይላሉ። መምህሩም «ሉላዊነት (ግሎባላይዜሽን) ወጣቱን እያሳመመው ነው የሚባለው እውነት ነውን? የወንድሜስ ነገር ሕመም ነው ወይስ ስንፍና? ምን እናድርግ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ክቡር መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የሕመሙን ጥያቄ ላንሣ፤ ስለ ሉላዊነት የምለው ቢዘገይ የሚጎዳው ነገር የለም፣ ይህ ግን አይዘገይም። ደኅና ሆኖ የኖረ ልጅ ለወራት እንቅልፉ ሲገለበጥ፣ ከሰው ሲሸሽና ስለ ወደፊቱ ሲጠየቅ ተስፋ የመቁረጥ ቃል ብቻ ሲናገር፣ ነገሩን ስንፍና ብሎ መዝጋት አይገባም። ሰነፍ ሰው ሥራ ይጠላል እንጂ ጨዋታ አይጠላም፤ ወንድምዎ ግን ኳሱንም ትቷል። ድባቴ የምንለው ሕመም የሚታወቀው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑና በአብዛኛው የቀኑ ክፍል፣ የስሜት መውደቅ ወይም የፍላጎት መጥፋት ሲኖር፣ ከዚሁም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠር፣ ሞትን መመኘት ከመሳሰሉት በርከት ያሉት አብረው ሲታዩ ነው። በእኛ አገር ሕመምተኛው «አዝኛለሁ» ብሎ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ራሴን ያመኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ልቤ ላይ ይከብደኛል እያለ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲመላለስ ቆይቶ ነው የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው። ወንድምዎ እንዲህ ያለ ሕመም እንዳለበት በጽሑፍ ብቻ አይቼ መፍረድ አልችልም፤ የጻፉት ግን ለምርመራ ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ ይህን ምላሽ አንብበው ሳይጨርሱ እንኳ፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን የምትሆኑበትን ሰዓት መርጠው «ባልኖር ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን በልቡ ይተክልበታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ሲሉ አይቻለሁ። አዎ ካለዎት አይደንግጡበት፣ አይገሥጹት፣ ብቻውንም አይተዉት፤ በቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ።

አሁን ወደ ሉላዊነት ልምጣ። ይህ ጉዳይ በአገራችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ክስ «የባዕድ ባህል ወጣቱን አበላሸው» የሚል ነው። ክሱ ፈጽሞ ባዶ ነው አልልም፤ ከውጭ የሚገባ ምስል የሰውን አእምሮ ሊለውጥ እንደሚችል በጥንቃቄ የተጠና ማስረጃ አለ። በደቡብ ፓስፊክ በምትገኘው በፊጂ፣ ናድሮጋ በሚባለው አካባቢ፣ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በዚያ ማኅበረሰብ ዘንድ ሞላ ያለ ሰውነት የጤንነትና የዘመድ እንክብካቤ ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ለመክሳት ብሎ ራስን ማስራብ እንግዳ ነገር ነበር። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ከዚያም ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነት ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶችን በመጠይቅና በቃለ መጠይቅ አጠኑ። አሳሳቢ የአመጋገብ መዛባት ምልክት የታየባቸው ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ ከፍ አሉ፤ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ሆን ብለው የሚያስታውኩት ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ አንድም ያልነበሩ ሲሆን በሁለተኛው 11.3 በመቶ ደረሱ።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን ልጃገረዶቹ የሰጡት ምክንያት ነው። ብዙዎቹ የቴሌቪዥኖቹን ቀጫጭን ሴቶች መምሰል የፈለጉት ስለ መልካቸው ብቻ ሳይሆን፣ እነዚያ ሴቶች ሥራና ክብር ያላቸው ሆነው ስለታዩአቸው ነበር። ወላጆቻቸው የኖሩበት የመንደር ኑሮ እየተለወጠ፣ አዲሱ ኑሮ ደግሞ ደመወዝ እየጠየቀ፣ ወደዚያ እንዴት እንደሚደረስ የሚያሳያቸው ሰው በአቅራቢያቸው በሌለበት ጊዜ፣ በቴሌቪዥን ያዩትን መልክ እንደ መንገድ ያዙት።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዳንኤል ሜንስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጅማ ተቀምጦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶችን ሲያጠና፣ ቀኑን በጫትና በፊልም የሚገፉ፣ ጊዜው ራሱ ሸክም የሆነባቸው፣ በሕይወታቸው «ለውጥ» አለመኖሩን ደጋግመው የሚያነሡ፣ የተገኘውን ዝቅተኛ ሥራ እንዳይሠሩ ደግሞ ይሉኝታ የያዛቸው ልጆች ነበር ያገኘው። ልብ ይበሉ፣ ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ወጣት እጅ ቲክቶክም ስማርት ስልክም አልነበረም። ወንድምዎ ዛሬ የሚናገረውን ያ ትውልድ ከሃያ ዓመት በፊት ተናግሮታል፤ የተለወጠው ምስሉ የሚመጣበት ፍጥነትና ቅርበት ነው።

እንግዲህ እኔ የምይዘው አቋም ይህ ነው፦ ወጣቱን የሚያሳምመው ዓለምን ማየቱ ሳይሆን፣ ዓይኑ የደረሰበት ቦታ ለእግሩ የተዘጋ መሆኑ፣ ይልቁንም መዘጋቱን የራሱ ድክመት አድርጎ መቀበሉ ነው። ሉላዊነት ለደሴ ልጅ የሪያድንና የዋሽንግተንን ኑሮ በየሌሊቱ ያሳየዋል፤ የሚወስድ መንገድ ግን እምብዛም አይሰጠውም። በዚህ መካከል ባለው ርቀት ውስጥ ነው ድባቴ ሥር የሚሰድደው።

የወንድምዎን ርቀት እንለካው። ከ1 እስከ 12 የተማረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ነው፤ በ2014ቱ ፈተና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ፣ እርሱ በተፈተነበት በ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016ቱም 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባቱ አብሮት ወድቆ ሳለ እርሱ ግን ብቻውን የወደቀ ያህል ነው የሚሰማው፤ የወደቁት ውጤታቸውን በስልክ አያሳዩምና። ቀጥሎ በአቅራቢያው ያለውን እንይ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ የዓለም ገበያ ወደ ወሎ ወጣት ደጃፍ መጣ ተብሎ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፓርኩም ተዘረፈ፤ ኢትዮጵያም ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትገባበት ከአጎዋ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ታገደች። የአንድ አገር የንግድ ውሳኔ ባሕር ተሻግሮ በኮምቦልቻ ያለችን የልብስ ስፌት ሠራተኛ ሥራ ሲነካ፣ ያ ሉላዊነት ነው፤ በወጣቱ ጤና ላይ ካለው ጫና አንጻር ከማንኛውም የሙዚቃ ክሊፕ ይበልጥ የሚከብድ ይመስለኛል።

ሦስተኛውን ርቀት ለመናገር ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ወንድምዎ «ተማር» የሚለው ሰው እርስዎ ነዎት፤ የእርስዎን ደመወዝም ያውቃል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ትምህርቷን ያቋረጠች እኅት የምትልከው ሪያል በብር ሲመነዘር ዲግሪ ካለው ወንድሟ የወር ደመወዝ ሊበልጥ ይችላል። ልጁ ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራው አስቡት። «እዚህ አገር ሰው አይሆንም» የሚለው ቃል ከሕመሙ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፊሉ በቤታችሁ ውስጥ ከሚታይ እውነት የመጣ ነውና፣ በምክርና በተግሣጽ ለማፍረስ መሞከር ልጁን «አይረዱኝም» ከማሰኘት ያለፈ ውጤት የለውም። እውነቱን እውነት ነው ብሎ መቀበል ከሕመሙ ጋር ለመነጋገር በር ይከፍታል።

በጥያቄዎ ውስጥ ያላነሡትን አንድ ነገርም እኔ ማንሣት አለብኝ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ወንድምዎ የት ነበር? ምን አየ? ፈተናውን የወሰደው ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው። ሌሊት የማይተኛው ስልክ ይዞት ነው ወይስ ሲተኛ የሚመጣበት ነገር ስላለ ስልኩን እንደ መሸሻ ይዞት? እነዚህ ሁለቱ ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ዕድሜውም የራሱ ድርሻ አለው፤ የአእምሮ ሕመሞች አብዛኞቹ የሚጀምሩት በጉርምስናና በወጣትነት መጀመሪያ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባት አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይገምታል። ዘመኑን ብቻ ስንከስስ ጦርነቱን፣ በዘር የሚመጣውን ተጋላጭነትና የጫትን ጉዳት እንዳንረሳ እሰጋለሁ።

አባትዎ ስለ ስልኩ የሚሉትን በተመለከተ፣ ሳይንሱ ራሱ ገና በክርክር ላይ ነው። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝና በአሜሪካ የተሰበሰቡ ሰፋፊ መረጃዎችን መርምረው፣ በታዳጊዎች ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት በዲጂታል መሣሪያ አጠቃቀም ሊገለጽ የሚችለው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው ብለዋል። በሌላ በኩል ፌስቡክ በአሜሪካ ኮሌጆች አንድ በአንድ ሲዳረስ የነበረበትን ጊዜ ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ በደረሰባቸው ኮሌጆች የተማሪዎች የአእምሮ ጤና በአማካይ በመጠኑ እንደተጎዳ፣ ዋናው ምክንያትም ራስን ከሌሎች ማወዳደር እንደሆነ አሳይተዋል። እኔ ከሁለቱ የምወስደው፣ ስንት ሰዓት ያያል ከሚለው ይልቅ በየትኛው ሰዓት ያያል፣ ሲያይስ ራሱን ከማን ጋር ያወዳድራል የሚሉት ጥያቄዎች እንደሚበልጡ ነው።

ይህን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው የሚያሳዩኝ ሥዕል እርስ በርሱ ይመሳሰላል። አንዲት ልጅ በሰፊ ሳሎን፣ በወርቃማ ሶፋ ጠርዝ ላይ፣ ከበላይዋ ትልቅ የመብራት ጌጥ ተሰቅሎ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ትታያለች። ከሥር «ማሻ አላህ»፣ «ታድለሽ» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረዋል። ሶፋው የአሠሪዎቿ ነው፤ ሥዕሉ የተነሣው ቤተሰቡ ሲወጣ ወይም ሲተኛ ነው፤ እርሷ የምትተኛበት ክፍል፣ ካለም፣ በሥዕሉ የለም። የላኪዋ ዓላማ ማታለል እንዳይመስልዎት፤ እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ነው። ሥዕሉ ግን እናቲቱ ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ወንድሟም ያየዋል፣ ለራሱም ማነጻጸሪያ ያደርገዋል።

ስለዚህ እኅታችሁ በዚህ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ድርሻ ሊኖራት ይችላል። እርሷም ብትሆን ወጣት ናት፤ እርሷንም ማን ይጠይቃታል? ከመካከለኛው ምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ከአንድ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ያካተተ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከአራቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት የድባቴ፣ የጭንቀት ወይም ከነዚህ ጋር የተያያዙ ምልክቶች እንደነበሩባቸው አሳይቷል። ገንዘብ ሲደርሳችሁ ብቻ የምትደውሉላት ከሆነ፣ ገንዘብ የማይነሣበት አንድ ጥሪ በየሳምንቱ ይኑራችሁ፤ ወንድሟም የዚያ ጥሪ ተሳታፊ ይሁን። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንዳለፈ፣ ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፣ ምን እንደናፈቃት በራሷ አፍ ብትነግረው፣ እርስዎ ለወራት ከሚመክሩት ይልቅ ይሰማታል። አስፈራርታ እንድትመልሰው አትጠይቋት፤ ደስ የሚላትንም ጨምራ እውነቱን ትንገረው።

ደላላውን በተመለከተ የምሸፋፍነው ነገር የለም፤ በባሕርና በየመን በኩል የሚደረገው ጉዞ ገዳይ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት፣ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ በየመንና በሳዑዲ ድንበር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን መገደላቸውን አስፍሯል። ደርሶ መኖርም ዋስትና የለውም፤ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎች ከሳዑዲ ተባርረው ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ የወሎ ልጅ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ሰምቶም ይሄዳል። በእኔ አስተያየት ከወንድምዎ ጋር ልትስማሙበት የሚገባው «አትሄድም» በሚለው ላይ አይደለም፤ «መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ወስን» በሚለው ላይ ነው። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው በአደጋና በሞት ላይ ያለው ፍርሃት ይላላል፤ ያን ጊዜ የሚደረግ ጉዞ ምርጫ ሊባል አይችልም። ከዳነ በኋላም መሄድ ከፈለገ፣ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል የሚፈጸመውን ሕጋዊ ስምሪት አብረውት ሊመለከቱለት ይችላሉ። ይህን ቃል ከገቡለት በእውነት ይግቡለት።

ሕክምናውን የሚጀምሩት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም በቀጥታ በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ (በቀድሞ ስሙ ሪፈራል) ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። «የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ» ሲባል የሚደነግጥ ከሆነ «እንቅልፍህን እናስመርምርልህ» ብለው ይጀምሩ፤ ውሸት አይሆንም። ጫት ይቅም እንደሆነ ለባለሙያው ሳይደብቁ ይንገሩ፤ እንቅልፉንም መድኃኒቱንም ይነካልና። ከዚህ በፊት ያለ ልክ ደስ ብሎት፣ ሳይተኛ እየዋለና እያደረ፣ ገንዘብ ሲበትን የነበረበት ጊዜ ካለም ይናገሩ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ የሚታዘዘው መድኃኒት ሌላ ነው። እናትዎ ጸበል ወይም ዱዓ ቢፈልጉ አልከለክልም፤ እናት ልጇን ይዛ መውጣቷ ራሱ ልጁን ከአልጋው ያስነሣዋል። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒት ከታዘዘለት በዚያ ምክንያት እንዳይቋረጥ።

ስልኩን አትንጠቁት። ከቀሩት ጥቂት ጓደኞቹና ከእኅቱ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው፤ መነጠቅም ለ21 ዓመት ሰው ውርደት ነው። ይልቁንስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ይደር። ጠዋት ደግሞ መቼም ተኛ መቼ፣ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣና ከቤት ይውጣ፤ የተገለበጠ እንቅልፍ የሚቃናው የመኝታ ሰዓትን በማስገደድ ሳይሆን የመነሻ ሰዓትን በማጽናትና በማለዳ ብርሃን ነው። ቀኑም ባዶ እንዳይሆን ትንሽ፣ በዚያው ቀን የሚያልቅ፣ ለቤቱ በእርግጥ የሚያስፈልግ ሥራ ይሰጠው። እኅቱ የምትልከውን ገንዘብ መዝግቦ መያዝና አስቤዛውን መግዛት ለጅምሩ ጥሩ ነው፤ ተጧሪ ነኝ ብሎ የሚያስብ ልጅ የቤቱ ገንዘብ ያዥ ሲሆን ስሜቱ ይለወጣል። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ወይም ፈተናውን በግል መልሶ መውሰድን የሚያነሡት ሁለትና ሦስት ሳምንት ጠዋት መነሣት ከቻለ በኋላ ይሁን። አሁን ቢያነሡበት አንድ ተጨማሪ መውደቂያ ያቀረቡለት ይመስለዋል።

የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘለት ውጤቱ መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «ምንም አልለወጠኝም» ብሎ እንዳይጥለው ቀድመው ይንገሩት። በእርሱ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች መድኃኒቱን በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት መቁነጥነጥና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል፣ በእነዚያ ሳምንታት በየቀኑ አነጋግሩት፤ ምልክቱ ከታየ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪሙ ዘንድ መልሱት። ከተሻለውም በኋላ መድኃኒቱ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ ይቀጥላል፤ የሚቆመውም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው።